ወደ ዕቃ ዕቃ መመለስ

በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ ድንጋይ መካብ የሚጀመረው በዕቃ ዕቃ ነው። የሚያስፈልገው መዳፍ የሚሞላ ድንጋይ፣ ጥቂት ጠጠርና ከመንገድ ፈንጠር ያለ ቦታ ብቻ ነው። ጭቃም፣ ገመድም፣ ሚስማርም አይገባበትም። አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ የሚቆየው በገዛ ክብደቱ ነው፤ አቀማመጡ ካልተመቸው ይወርዳል። በልጅነቱ ይህን ያልተጫወተ ሰው በአካባቢው ማግኘት ያስቸግራል። ካደጉ በኋላ ወደ ጨዋታው የሚመለሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ “እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?” ባይ ናቸው።

የልጆቹ አሠራር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ወደ ጎን የሚሰፋው ነው። የቤቱ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ድንጋይ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ በላይ ከፍ አይልም፣ ጣሪያም አይታሰብም። ሆኖም ጓዳው፣ መደቡ፣ ምድጃውና የእንግዳው ቦታ ሁሉ የታወቀ ነው። ግድግዳውን ተራምዶ የገባ ሰው “በበሩ ግባ!” ተብሎ ይመለሳል፤ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት የማይደርስ ግድግዳ ይህን ያህል ሲከበር በሌላ ቦታ አይታይም። ሁለተኛው ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ የዚህ ጌቶች እረኞች ናቸው። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ሜዳ ድንጋይ አይቸግርም፤ ከብቶቹ እስኪጠግቡም ጊዜ ሞልቷል። እረኞቹ በረት ይክባሉ፣ ጎጆ ይክባሉ፣ የደጋው ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ወገብ የሚደርስ መከለያ አንሥተው ከጀርባው ቆሏቸውን ይበላሉ። መከለያውን ጥጃ ታክኮ ቢንደው የሚቆጣ የለም፤ ለነገ ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

ማፍረስ የጨዋታው ሕጋዊ ክፍል ነው። ሲመሽ ቤቱ ይፈርሳል፤ ልጆቹም ለማፍረሻው የታወቀ ዜማ አላቸው። “የኔ አይፈርስም” ብሎ ካቡ ላይ የሚተኛ ልጅ ግን አይጠፋም። ይህ ልጅ ሲያድግ በወሰን ክርክር ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው እንደሚወጣው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገና ከጧቱ ይጠረጥራሉ።

ጨዋታውን ማንም በአዋጅ አይከለክለውም። አንድ ቀን አንዲት አክስት በዚያ ስታልፍ “አንተ አህያ የምታክል! አሁንም ድንጋይ ትደረድራለህ?” ትላለች፤ በዚሁ ያበቃል። ልጁ ድንጋዩን ጥሎ ወደ ኳስ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ የሚነካው በቁም ነገር ብቻ ነው። ቢቀመጥ ገበጣ ይጫወታል፤ ገበጣ ተቀምጦ የሚጫወቱትና ተመልካች የሚሰበስብ ስለሆነ ለአዋቂ አያሳፍርም። ቢቆም አጥር ይክባል። በበጋው ወራት ደግሞ በየቀበሌው የእርከን ሥራ ይመጣል፤ ትልቅ ሰው ስሙ ተጠርቶ፣ ተቆጣጣሪ ቆሞለት፣ ሥራው በገመድ እየተለካ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲክብ ይውላል። በዚህ ዘመቻ ላይ አንዳንዱን ገበሬ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ድንጋዩን አንሥቶ አንድ ጊዜ ያገላብጠዋል፤ ፊቱን ይፈልግለታል፤ ያስቀምጠዋል፤ አይወደውም፤ እንደገና ያነሣዋል። ተቆጣጣሪው ርዝመቱን እንጂ ፊቱን አይለካም። ሰውየው ግን የአክስቱ ቃል ካስቆመው ቦታ ቀጥሏል፤ አሁን የሚቆጣው የለም፣ ጭራሽ ይመሰገናል።

ለመጫወት ዘውድ ማድረግ በቂ ምክንያት የነበረበትም ዘመን አለ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ያሠሩት ባለ አራት ማዕዘን ግንብ፣ በአራቱም ጥግ ክብ ማማና የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጉልላት አለው። ለአንድ ንጉሥ ይበቃ ነበር፤ ምናልባትም ለልጅ ልጁ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቀዳማዊ ዮሐንስ በጎኑ የራሳቸውን ሠሩ፤ ቀዳማዊ ኢያሱ ከአያታቸው ግንብ አጠገብ የራሳቸውን አቆሙ፤ ዳዊት የዘፈን ቤት ጨመሩ፤ በካፋ የግብር አዳራሽ፤ ምንትዋብ በዚያው ግቢ አንድ ግንብ ካሠሩ በኋላ ቦታው ጠበባቸውና ወደ ቁስቋም ወጥተው ሌላ ጀመሩ። ዩኔስኮ ርዝመቱን 900 ሜትር ያለው አጥር ይህን ሁሉ ከቦ ይዟል። የታሪክ ሰዎች ስለ ሥልጣንና ስለ ክብር የሚሉት አላቸው፤ ትክክልም ናቸው። ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሰው ግን ነገሩን በአንድ እይታ ያውቀዋል፤ በሌላ ሰው ቤት መጫወት አይጥምም።

ንጉሦቹ እጃቸውን አላቆሸሹም። ድንጋዩን ያገላበጡት ግንበኞች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል በግንበኝነትና በአናጺነት ስማቸው የተጠራው ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከዚያ ሙያ ዛሬ ለዓይን ቅርብ ሆኖ የቀረው ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለው ወለቃ መንደር የሚሸጠው የሸክላ ሥራ ነው፤ ትንንሽ ሰዎች፣ ትንንሽ አንበሶች። ገዢው “ለልጆች” ብሎ ይገዛና ቤቱ ሲደርስ ልጆች የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ፈረንጆች ይህንኑ የድንጋይ ጨዋታ በሣጥን ሸጠውታል። መነሻው ጀርመን፣ ቱሪንጊያ የሚባለው አገር ነው። ፍሪድሪሽ ፍሮበል የሚባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ላይ ለሕፃናት ማስተማሪያ የእንጨት ኩቦች ማዘጋጀት ጀመረ። በኋላ ኦቶና ጉስታቭ ሊልየንታል የተባሉ ወንድማማቾች ከእንጨት ይልቅ የድንጋይ ክብደት ያለው ነገር ፈለጉ። ኦቶ፣ ክንፍ ሠርቶ ከኮረብታ ላይ እየተንሳፈፈ የሰው ልጅ መብረር እንደሚችል ያሳየውና እ.ኤ.አ. በ1896 ወድቆ ለሞት የበቃው ሰው ነው፤ ስለ ክብደት የሚያውቀው ነገር ነበረው። ወንድማማቾቹ የኳርትዝ አሸዋ፣ ኖራነት ያለው ነጭ ዱቄትና የተልባ ዘይት ደባልቀው በቅርጽ ማውጫ ጨመቁት፤ ሲደርቅ ጠንካራ ድንጋይ ወጣው። በጎንደር ገበያ ተልባ የሚገዛ ሰው በጾም ሊበጠብጠው እንጂ ግንብ ሊያቆምበት አያስብም።

ወንድማማቾቹ ፈጠራውን እንጂ ሽያጩን አልቻሉበትም። መብቱን እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ለፍሪድሪሽ አዶልፍ ሪሽተር ሸጡ። ሪሽተር ሩዶልሽታት ከተማ ፋብሪካ የነበረው ነጋዴ ሲሆን፣ የሕመም ማስታገሻ ቅባትም ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ ወገብ የሚያሳምመውም የሚያሽለውም ዕቃ ከአንድ ቤት ይወጣ ነበር ማለት ነው። ድንጋዮቹ መልሕቅ የንግድ ምልክት ተደርጎላቸው ዓለምን ዞሩ። ቀለማቸው ሦስት ነበር፤ የሸክላ ጡብ ቀይ፣ የአሸዋ ድንጋይ ፈዛዛ ቢጫና ለጣሪያ የሚሆን ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ። የሪሽተር ብልሃት ግን ከቀለሙ ይልቅ በሣጥኑ ቁጥር ላይ ነበር። አንዱን ሣጥን የገዛ ሰው ማሟያ ሣጥን ሲጨምርበት ቀጣዩ ቁጥር ይሆንለታል፤ ሌላ ማሟያ ሲጨምር ከዚያ የሚቀጥለው። ዕቁብ ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት አብሮ ይሸጥ ነበር።

ምርቱ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1963 ቆመ። ያስነሡት ልጆች አይደሉም፤ ልጆች በዚያን ጊዜ ፕላስቲክ ይዘዋል። ዴንማርኮቹ እ.ኤ.አ. በ1958 የመዘገቡት፣ ጉጥ ያለውና እርስ በርሱ የሚቆላለፈው የሌጎ ጡብ ቢገለበጥም አይፈርስም፤ ስለዚህ ጠማማ ግድግዳም እንደቀና ግድግዳ ይቆማል። ድንጋዩ የናፈቃቸው ጎልማሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ የመልሕቅ ድንጋይ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ ከብዙ ውትወታም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 ሩዶልሽታት ላይ ድንጋዩ እንደገና መሠራት ጀመረ። በዚያው በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ሁለቱ ጉዳዮች አይተዋወቁም።

ይህን ሣጥን ወደ ጎንደር ማምጣት የሚያስብ ዘመድ በጀርመን አገር ቢገኝ ችግሩ የሚጀምረው ከሻንጣው ነው። 23 ኪሎ ተፈቅዶለት፣ ለእናቱ ጫማ፣ ለአክስቱ ጃኬት፣ ለጎረቤት ሽቶ መያዝ ሲገባው፣ ግማሹን በድንጋይ ሞልቶ ወደ ጎንደር የመጣ ሰው የሚቀበለው ጥያቄ አንድ ነው። “ልጄ፣ እዚህ ድንጋይ ጠፍቶብን ነው?”

አልጠፋም። ስለዚህ በጎንደር ወደ ጨዋታው የሚመለስ ሰው ያለ ሣጥን ይመለሳል። የመመለሻው ዕድሜ የታወቀ ነው፤ ጡረታ የወጡ ሰሞን፣ ወይም ሐኪም “ብዙ አይራመዱ” ያለ ሰሞን፣ ወይም የመጀመሪያው የልጅ ልጅ የመጣ ሰሞን። ሦስተኛው ከሁሉ የተመቸ ነው። አያትየው ሕፃኑን አጠገባቸው ያስቀምጡና ድንጋይ መደርደር ይጀምራሉ። ሕፃኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይተኛል፤ አያትየው ግን ይቀጥላሉ።

“ጋሼ፣ ልጁ እኮ ተኝቷል” ይላል ያለፈ ጎረቤት።

“ሲነሣ እንዲያየው ብዬ ነው።”

“ምንድን ነው ግን?”

“የኢያሱ ግንብ ነዋ! አይታይህም?”

አይታይም። ቤት ውስጥ የሚሰነዘረው ተቃውሞ ደግሞ በመልክ ሳይሆን በቦታ ላይ ያተኩራል። ባለቤትየው ጨዋታውን አይነቅፉም፤ “እሱን ድንጋይህን ከበሩ ዞር አድርግልኝ፣ ሰው ይደናቀፋል” ነው የሚሉት። ካቡ ከበረንዳ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ዕቃ ቤቱ ጥግ ይሰደዳል። ጎንደርም የነገሥታቱ መዲና ከመሆኗ በፊት ቤተ መንግሥቱ በየቦታው ሲዞር ስለኖረ፣ ስደቱን እንደ ውርደት ማየት አያስፈልግም።

የተመላሹ የመጀመሪያ ትምህርት የድንጋይ መረጣ ነው። ከቀሃ ወይም ከአንገረብ ወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ሲያዩት ያምራል፤ ለስላሳና ክብ ነው። ነገር ግን ለቅልብልቦሽ እንጂ ለካብ አይሆንም፤ ሁለቱን አነባብሮ ሦስተኛውን ሲጨምሩ ሁሉም የየራሱን መንገድ ይይዛል። የሚሻለው ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ ከሚጠርቡበት ቦታ የሚወድቀው ፍንካች ነው። ጠርዝ አለው፣ ፊት አለው፣ መቀመጫ አለው። ቀይ ቀለል ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ለበርና ለመስኮት ይቀመጣል፤ በፋሲል ግቢም የጠቆረው ግድግዳ ላይ የበሩንና የመስኮቱን ቅስት የሚያደምቀው እሱ ነው። ሪሽተር ለቀለም ፋብሪካ አቆመ፤ እዚህ ተራራው ቀድሞ አዘጋጅቶታል።

ትልቁ ፈተና ቅስት ነው። አራት ማዕዘን በር ማንም ይሠራል፤ አንድ ረጅም ድንጋይ ከላይ ማጋደም ነው። ቅስት ግን ተጠናቆ እስኪዘጋ ድረስ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚሸከመው ነገር ይፈልጋል። ለዚህ የቲማቲም ድልህ ጣሳን የሚያክል የለም። ጣሳው በጎኑ ይጋደማል፤ ከግራና ከቀኙ ሥር ሁለት ሁለት ስስ ፍንካች ይገባና ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ታችኛው ጠባብ፣ ላይኛው ሰፊ የሆኑ ትንንሽ ድንጋዮች በጣሳው ጀርባ ላይ ከሁለቱም ወገን እኩል እየወጡ ይደረደራሉ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከወጣ ጣሳው ይንከባለላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እዚህ ላይ ነው። መሀል አናት ላይ የቀረችው ክፍተት በመጨረሻዋ ድንጋይ ትዘጋለች። ትከሻና ትከሻው በከባድ ድንጋይ ይታፈናል። አሁን ከጣሳው ሥር ያሉት ፍንካቾች አንድ በአንድ ይመዘዛሉ፤ ጣሳው የጣት ስፋት ያህል ዝቅ ይላል፤ ድንጋዮቹ “ቀጭ” ብለው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ጣሳው ያለ ጭንቅ ይወጣል። ፍንካቾቹን የረሳ ሰው ጣሳውን ሲጎትት ቅስቱን አብሮ ይጎትታል። ትልልቁን ቅስት የሚሠሩ ግንበኞችም ከእንጨት መደገፊያቸው ሥር ሽብልቅ የሚያስገቡት ለዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱን መደገፊያ ለወጥ የሚፈልገው የለም።

ጉልላቱ ከቅስቱ ይልቅ ያስፈራል፣ ሲሞከር ግን ይቀላል። እያንዳንዱ ክብ ረድፍ ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል፤ የድንጋዩ ከባዱ ጫፍ ወደ ውጭ፣ ቀላሉ ወደ ውስጥ ይሆናል። ጠፍጣፋ ጉልላት ጎኑን ወደ ውጭ ይገፋና ማማውን ይንዳል፤ ቁመቱ ረዘም ያለው፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ክብደቱን ወደ ታች ያወርዳል። የፋሲልን ማማ ያሠሩ ሰዎች ይህን ስለ ውበት ይሁን ስለ ደኅንነት እንደመረጡት ተመላሹ አይከራከርም። የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ጉልላቱ ከተናደ በኋላ ምርጫውን በደስታ ይቀበላል።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚመጣ አንድ ክፉ ሐሳብ አለ፤ ሱፐር ግሉ። አንዲት ጠብታ ቢደረግ ማማው ለዘላለም ይቆማል፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚነካው ሰው አይኖርም፣ ምክንያቱም የሚሠራ ነገር አልቀረም። በትልቁም ግንብ ይኸው ተሞክሯል። ጥንት የተያያዘው በኖራ ነበር፤ የኖራውን ግንባታ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ዙሪያ የነበሩት ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) በሰፊው ሠርተውበታል፤ ፋሲል ሰዎቹን ከአገር ሲያስወጡ ኖራውን አላስወጡም። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲጠግኑ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት አስገቡ። ሲሚንቶ ከኖራው ይጠነክራል፤ እርጥበትንም አላስወጣ ይላል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚያርፈው በድንጋዩ ላይ ነው። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እየለቀሙ እያወጡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። እነዚህ ጠጋኞች፣ ነገሩ በቀልድ ከታየ፣ ደመወዝ የተቆረጠላቸው የዕቃ ዕቃ ተመላሾች ናቸው፤ ድንጋይ ያነሣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ፊቱን ይፈልጋሉ፣ ይመልሳሉ። ባለቤታቸውም ከበሩ ዞር አድርጉልኝ አይሏቸውም።

የካቡ ጠላቶች ብዙ ናቸው። ድመት አንዷ ናት፤ ማማ የተሠራው ለእሷ መቀመጫ እንደሆነ ታምናለች። በደጃፍ የሚያልፍ አይሱዙ ሌላው ነው፤ የላላ ቅስት ካለ ያገኘዋል። የቤት ጠራጊ መጥረጊያ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከእንቅልፉ የነቃው የልጅ ልጅ ነው። እሱ በሙሉ መብት ይመጣል፤ ጨዋታው በስሙ ነው የተጀመረው፤ ማፍረስም እንደተባለው የጨዋታው ሕግ ነው። አያትየው ያን ጊዜ “ቀስ! ቀስ! በበሩ ግባ!” ሲሉ ይሰማሉ።

ከፈረሰ በኋላ የመሰብሰቡ ጉዳይ ይመጣል። የጀርመኑ ሣጥን ከአቀማመጥ ሥዕል ጋር ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የተመደበለት ቦታ አለው፣ አንዱ ከተሳሳተ ክዳኑ አይገጥምም። በጎንደር ማስቀመጫው የሳሙና ካርቶን ወይም ግማሽ ጆንያ ነው፤ ሁሉም ይገጥማል። ጉድለቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ጊዜ ነው። ለመሠረት የተመረጠው ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ገብቷል። ረጅሙ የበር መደገፊያ ሆኗል። የቀዩ ምርጥ ሽንኩርት በተሰጣበት ጨርቅ ጥግ ላይ ነፋስ እንዳያነሣው ተቀምጧል። እነዚህን ድንጋዮች ከያዙት ሥራ ማስለቀቅ ጠብ ያስነሣል፤ ስለዚህ የሚሻለው ወደ ግንበኞቹ ሄዶ ሌላ መልቀም ነው። ፍንካች በነፃ ነው። ግንበኛው ቀና ብሎ “ለምንዎት ነው ጋሼ?” ማለቱ ስለማይቀር ግን መልስ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ የተለመደው መልስ “ለአበባ መደብ” የሚለው ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ለአንድ ግንበኛ አይነገርም።